ገመዱ የሚሰማው ድምፅ

ኦግደን ሸሚዙን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሲጥል፣ በመጋዘኑ ውስጥ የተሰበሰቡት አርባ ያህል ሰዎች ወሬያቸውን ቀስ በቀስ አቆሙ። ሽማግሌው ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጀርባው ላይ ከትከሻው በታች ነጣ ነጣ ያሉ የድሮ ጠባሳዎች በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። ወጣቶቹ አንገታቸውን አስግገው አዩዋቸው። አብዛኞቹ ጠባሳዎች የሎርና ቲግ እጅ ሥራ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል።

ሎርና ከሞተች ያን ቀን ልክ ዓመቷ ነበር። በኦክላንድ ወደብ አጠገብ ያለው ይህ አሮጌ መጋዘን በቀትር የሞላውም ለእሷ ሲባል ነው። ሰውነትን መብሳትና በቆዳ ላይ በገባ መንጠቆ መንጠልጠል እንደ እብደት በሚቆጠርበት ዘመን፣ በሯን ከፍታ፣ መርፌዋን ቀቅላ፣ “ግቡ፣ ሻይ አለ” ያለች እሷ ነበረች። ዛሬ በዚህ ሙያ ያለ ሰው፣ ስሟን ሰምቶ የማያውቀውም ጭምር፣ በእሷ መንገድ ይሠራል። የሚበሳው ሰው ትንፋሹን ሲያወጣ እንጂ ሲስብ አይወጋም። ቆሞ ራሱን በመስታወት ሳያይ መርፌ አይነሳበትም። አንድ ሰው በገመድ ሲነሳ ደግሞ፣ ገመዱን የያዘው የተንጠለጠለውን ሰው ድምፅ እንጂ የሌላ የማንንም አይሰማም። “ገመዱ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው” ትል ነበር፤ በወጣትነቷ ያደረገችው ንግግር በፊልም ተቀርጾ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። መጋዘኑ ግድግዳ ላይም ይኸው ቃል በትልቁ ተጽፏል።

ኢነስ ካሪዮ ጓንቷን እያጠለቀች ከኦግደን ኋላ ቆመች። የሎርና የመጨረሻዋ ተማሪ ናት፤ ስምንት ዓመት ከእጇ ሥር ሠርታለች። ሽማግሌውን ዛሬ የምትወጋው እሷ ነች፤ ሌላ ሰው ይውጋኝ ቢል ማንም አያምነውም ነበር።

“ቅጹን እንጨርስ” አለችው። “ልብህስ?”

“ልቤ አለች።”

“የምጠይቅህን መልስ። የልብ ሕመም አለብህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ?”

“ልታገቢኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምሪኝ?”

“አንተን ከማገባ ወደቡ ላይ ያለውን ክሬን አገባለሁ። መልስ።”

“የለም። የለም በይና ጻፊ።”

“ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆመሃል።”

“አንዴ ለመተንፈስ ቆምኩ። አንዴ ደግሞ በዚያ ልጅ ባት ላይ የተነቀሰችውን ሎርናን ለማየት።” በአገጩ ወደ ክሌይተን ጠቆመ። “እውነቴን ነው፣ አክስቴን ነው የምትመስለው። ሟች አክስቴ ግን ጢም ነበራት።”

ክሌይተን ሰምቶ ሳቀ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጠባዩ ለስላሳ። ሎርናን በሕይወቷ ያያት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ይህን መሰባሰብ ያዘጋጀው፣ ሻይ ያፈላው፣ ወለሉን የጠረገው እሱ ነው። ዛሬ ገመዱን የሚይዘውም እሱ ነበር።

ኢነስ ቅጹ ላይ “የለም” ብላ ጻፈች። አላመነችውም። ግን የሎርናን የመጀመሪያ መንጠቆዎች በገዛ እጁ በሞረድ ስሎ የሠራውን ሰው፣ በሎርና ሙት ዓመት፣ በአርባ ሰው ፊት “አላነሳህም” ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም።

ኦግደን ወደ ሰዎቹ ዞረ።

“ንግግር አልችልም” አለ። “ከሎርና ጋር ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን አልነሳም፤ ቆዳዬም እንደኔ ጃጅቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አደራ። እኔ ራሴ ‘አውርዱኝ’ ሳልል ማንም እንዳያወርደኝ። ክሌይተን፣ ሰማህ?”

“ሰምቻለሁ።”

“ኢነስ?”

“ሰምቻለሁ” አለች።

“መስማት አይደለም። ቃል ግቢልኝ።”

ሰዉ ሁሉ ያያታል። “ቃሌ ነው” አለችው።

አራት መንጠቆ ነበር። ቆዳውን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ እየሳበች፣ እሱ ትንፋሹን ረዘም አድርጎ ሲያወጣ አንድ በአንድ አስገባቻቸው። በአራተኛው ላይ ብቻ “እህ” አለ። ከእያንዳንዱ መንጠቆ ገመድ አስራ በላይ ካለው ብረት ጋር አገናኘች፤ ብረቱ በጣራው መዘውር በኩል ክሌይተን እጅ ላይ ካለው ወፍራም ገመድ ጋር ተያይዟል። ክሌይተን ቀስ እያለ ሳበ። የሽማግሌው ቆዳ ከትከሻው ላይ እንደ ድንኳን ተነሳ። በእግር ጣቶቹ ቆመ። ቀጥሎ ጣቶቹ ወለሉን ለቀቁ።

ማንም አላጨበጨበም፤ እዚያ ቤት አይጨበጨብም። ከጣራው መስኮት የሚወርደው ብርሃን ራሰ በራው ላይ አረፈ። አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እጆቹን ወደ ጎን ለቆ፣ ዝግ እያለ ይወዛወዝ ጀመር። ፊቱ ከመጨማደዱ ተፈታ።

“እንዴት ነህ?” አለችው ኢነስ።

“ወጣት ነኝ” አለ። ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

በአምስተኛው ደቂቃ ጠየቀችው፤ “ደህና ነኝ፣ ተዪኝ” አላት። በሰባተኛው ጠየቀችው፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። በስምንተኛው ላይ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀና ማንኮራፋት ጀመረ።

ለስላሳ ነበር፣ የጠገበ ሕፃን ማንኮራፋት የመሰለ። ከፊት ቁጭ ያለች ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። አጠገቧ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ክሌይተንም ገመዱን ወገቡ ላይ እንዳዞረ ፈገግ አለ፤ “ደረሰ” አለ በሹክሹክታ፣ ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የተንጠለጠለ ሰው ዝም ሲል “ደረሰ” ይባላል። ሰውየው ከሥቃይ ወዲያ ተሻግሯል፣ ሰላም አግኝቷል ማለት ነው። የደረሰን ሰው መንካት፣ መጥራት፣ ማውረድ ትልቅ ነውር ነው።

የኢነስ ፀጉር ግን ቆመ።

ይህን ማንኮራፋት በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም፤ ተነግሯት ግን ታውቀዋለች። ሎርና ከመሞቷ ከሁለት ክረምት በፊት፣ አንድ ዝናባማ ቀን መርፌ እየለዩ ሳሉ፣ ቀና ሳትል ነግራታለች። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሰው አነሳን፣ ብላት ነበር። ዝም አለ። ቀጥሎ አንኮራፋ። ሰማይ ላይ ተኛ ብለን ተሳሳቅን። እኔም ዝምታውን አትንኩ አልኩ፤ በፊልሙ ላይ እንደማወራው ተኩራርቼ። ስናወርደው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። አልሞተም፤ ግን ከዚያ በኋላ ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጥራት አልቻለም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው አንስቼ አላውቅም፤ ትከሻዬን ያመኛል አልኳቸው፣ አመኑኝ።

“ለምን አትነግሪያቸውም?” ብላት ነበር ኢነስ።

“ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አረጀሁ። እኔ ከሞትኩ በኋላ አንቺ እንደፈለግሽ አድርጊ።”

ኢነስም ዓመት ሙሉ ዝም አለች። መጀመሪያ ሰዉ ሐዘን ላይ ነው አለች። ቀጥሎ ሙት ዓመቱ ይለፍ አለች። የሟች ስም በእኔ አፍ አይጉደፍ አለች። ‘ነገ እነግራቸዋለሁ’ ማለትን ከሎርና ወርሳ ኖሯል።

ወደ ኦግደን ተጠጋች። የጆሮው ጫፍ አመድ መስሏል። እጁን ያዘችው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ላቡ እንደ ጤዛ። “ኦግደን” አለች። “ኦግደን፣ ጣቴን ጨምቀው።” አልጨመቀም። ማንኮራፋቱ አንድ ጊዜ ተቋረጠና እንደገና ቀጠለ፤ ከበፊቱ የረጠበ ነበር።

ወደ ክሌይተን ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “አውርደው” አለችው።

“ምን?”

“አሁን አውርደው።”

“ደርሶ እኮ ነው።”

“አልደረሰም። ራሱን ስቷል።”

ክሌይተን ሽማግሌውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። “ኢነስ፣ ቃል አስገብቶናል። አንቺንም እኔንም። በሰው ፊት።”

“አውቃለሁ።”

“የመጨረሻዬ ነው አለ። ከዚያ ሰላም ጎትቼ ባወርደው በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሎርናስ ብትኖር…”

“ሎርና ብትኖር ገመዱን ከእጅህ ትነጥቅህ ነበር።”

“ሎርናማ ምን እንዳለች ተጽፏል” አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌላዋ “ዝም በሉ፣ ትቀሰቅሱታላችሁ” አለች። ሌላም “ምነው ዛሬ እንኳ ቃሉ ቢከበር” አለ። ማንም ክፋት አልነበረውም። ሁሉም ሽማግሌውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ኢነስን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ድምፅዋን ከፍ አደረገች። “ስሙኝ። ሎርና አንድ ሰው ገድላለች ማለት ይቻላል። እንዲህ አንኮራፍቶ ነበር። ሰላም ነው ብላ ተወችው፣ አእምሮውን አጣ። ለዚህ ነው ዳግመኛ ሰው ያላነሳችው። ትከሻዋን አሟት አያውቅም። ለእኔ በአፏ ነግራኛለች።”

በመጋዘኑ የሚሰማው ማንኮራፋቱ ብቻ ነበር።

“ይህን ዛሬ ነው የምትነግሪን?” አለ ክሌይተን። ፊቱ ቀላ። “ሞታ መልስ በማትሰጥበት ቀን?”

የኦግደን ማንኮራፋት ቆመ፤ ቆመና አልተመለሰም።

ኢነስ ጎንበስ ብላ ሁለት ጉልበቶቹን አቅፋ ወደ ላይ አነሳችው። ከባድ ነበር። ዕድሜውን በወደብ ሲሸከም የኖረ ሰው አጥንት አለው። ትከሻዋን ከጭኑ ሥር አስገብታ በእግሯ ገፋች፤ ከላይ ያሉት ገመዶች ላሉ፣ የተነሳው ቆዳው ወደ ጀርባው ተመለሰ። ብትለቀው ክብደቱ በአንድ ጊዜ መንጠቆዎቹ ላይ ይወድቃል፤ ቆዳው ይተረተራል። ክሌይተን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

“ልለቀው ነው” አለች ጥርሷን ነክሳ። “አልቻልኩም፣ ክሌይተን፣ ልለቀው ነው።”

መጀመሪያ የተነሳችው ያቺ አፏን ይዛ ፈገግ ያለችው ሴት ነበረች። ሮጣ ሌላውን እግር አቀፈች። ያኔ ክሌይተን ገመዱን እጅ በእጅ እየለቀቀ ማውረድ ጀመረ፤ እንባው አገጩ ላይ ይወርድ ነበር። ኢነስ ገመዶቹን በመቀስ ቆረጠች። መንጠቆዎቹ ጀርባው ላይ ስላሉ በጎኑ አስተኙት፣ አገጩን ቀና አደረጉለት፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቀሉለት። አንድ ሰው አምቡላንስ ጠራ።

ኢነስ ጣቷን አንገቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አንድ ምት አገኘች። ሌላው ዘገየ፤ በጣም ዘገየ። አርባ ሰው ከበባት። ቀጥሎ ሽማግሌው ከውሃ እንደ ወጣ ሰው አየሩን ስቦ አሳለ።

አምቡላንሱ ሲመጣ ከሠራተኞቹ አንዷ ጀርባውን አይታ “ማን ነው እንዲህ ያደረገው?” አለች።

“እኔ ነኝ” አለች ኢነስ። “መንጠቆዎቹን እኔ አወጣቸዋለሁ፤ እናንተ ልቡን እዩ።”

የኦግደንን ኮት ኪስ ሲፈትሹ ሁለት ብልቃጥ የልብ መድኃኒት አገኙ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ለኦግደን ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ትንሽ የልብ ምት መቆጣጠሪያ አስገብተውለታል። በጎኑ ተኝቶ ወደ መስኮቱ ያያል። ስትገባ አልዞረም።

“ስንት ደቂቃ ቆየሁ?” አላት።

“አሥራ አንድ።”

“ጥሩ ነው። ለዕድሜዬ።”

“ሦስቱን አንተ አልነበርክም። ደግሞ ዋሽተኸኛል፣ ኦግደን። ቅጹ ላይ።”

“አንቺም ቃልሽን አፍርሰሻል።”

“አፍርሻለሁ።”

“ለሰዉም ነገርሽ አሉ። አፈሯ ሳይደርቅ።”

“ዓመት ሙሉ ደርቋል። እኔ ነኝ የዘገየሁት። ቀደም ብዬ ነግሬያቸው ቢሆን ትናንት ልጁን አላስለቅሰውም ነበር።”

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ በአንድ ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል። “ምን ብላ ነው የነገረችሽ?”

“‘ዝምታውን አትንኩ አልኩ’ አለችኝ። ‘ጥፋቱ የእኔ ነው’ አለችኝ።”

“ገመዱን ማን እንደያዘ ነገረችሽ?”

“አልነገረችኝም።”

“አትነግርሽም። ሎርና ሰው አታሳጣም። እኔ ነበርኩ የያዝኩት። እሷ ‘ኦግ፣ እናውርደው መሰለኝ’ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ተዪው፣ ደስ ብሎታል ያልኩት። ያንቺው ደንብ ነው፣ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው አልኳት። በገዛ ቃሏ አፏን ዘጋሁት። ሰውየው እስኪሞት ድረስ እሷ ያለበት ቤት እየሄደች፣ በየእሑዱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማንኪያ አበላችው። እኔ አንድ ቀን አልሄድኩም።”

ኢነስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብዙ ነገር መጣባት፤ መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነበር። “እና ትናንት ምን ፈልገህ ነው? እኔንና ያንን ልጅ አንተ በቆምክበት ልታቆመን?”

“እንደዚያ አላሰብኩትም።”

“ታዲያ እንዴት አሰብከው?”

“አርባ ዓመት ሙሉ ‘ቢያንስ ሰላም ላይ ነበር’ እያልኩ ተኝቻለሁ” አለ። “እውነት መሆኑን ማየት ፈለግሁ።”

“እና?”

“ምንም የለም እዚያ። ሰላም የለም፣ ሰማይ የለም። ‘ደህና ነኝ’ ያልኩሽን አስታውሳለሁ፤ ቀጥሎ የማስታውሰው የሻይ ቤት ሽታ ያለውን ያን ቆሻሻ ወለል ነው። በመካከሉ ምንም።”

ነርሷ ገብታ የደም ግፊቱን ለካች፣ ጀርባው ላይ ያሉትን አራት ፋሻዎች አይታ ራሷን ነቀነቀች፣ ወጣች።

“ክሌይተን ውጭ ነው?” አላት ሽማግሌው።

“ከትናንት ጀምሮ። ሂድ ብለው አልሄድም አለ። እኔን ግን አያናግረኝም።”

“ጥሪው።”

“ዛሬ ዕረፍት ይሻልሃል።”

“ዕረፍቱን አይቼው መጣሁ። ጥሪው አልኩሽ። ገመድ የያዘ ሰው ነው፤ ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከእኔ ይስማው።”

ኢነስ በሩን ከፍታ ጠራችው። ክሌይተን የትናንቱን ልብስ እንደለበሰ ገባ። ገመዱ የላጠው መዳፉ ቀልቷል፤ የት እንደሚያስቀምጠው ያላወቀ ይመስል ደረቱ ላይ ይዞታል። አልጋው ግርጌ ቆመ።

“ይቅርታ፣ ኦግደን” አለ። “ቃሌን…”

“ተቀመጥ” አለው ሽማግሌው። “ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ። ተቀመጥና ጆሮህን ስጠኝ፤ አንዴ ከጀመርኩ እንዳታቋርጠኝ።”

ክሌይተን ተቀመጠ።

“ስሙ ቴዎዶር ማርኬቲ ነበር” አለ ኦግደን። “ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ዳቦ ቤት ነበር የሚሠራው።”